«የኔ አፍንጫ ላቦራቶሪ አይደለም»

አቦይ ካሕሳይ መሞታቸውን የነገረኝ የፍርድ ቤቱ የበር ጥበቃ ነው። ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ኮረሪማ እየመዘንኩ ነበር። «መዲና፣ ሽማግሌሽ ዐረፉ» አለኝ በስልክ። ሽማግሌሽ አለኝ፣ የወለዱኝ ይመስል። ደግሞም አልተሳሳተም። ኢና ሊላሂ አልኩና ኮረሪማውን ሚዛኑ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ደንበኛዋ ከኋላዬ ስትጣራ ይሰማኛል፤ ሱቁን ለሷ ጥዬላት ሄድኩ ማለት ይቻላል።

ዓይናለም፣ ሰፈራቸው ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳን ገብቷል። እኔ እንደሆንኩ ማልቀስ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው «መን እያ እዚኣ?» ይባባላሉ፤ ማናት ይቺ ማለታቸው ነው። በመጨረሻ ልጃቸው፣ በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት፣ አጠገቤ ተቀመጠችና «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አባቴን ከየት ታውቂያቸዋለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? በአደንዛዥ ዕፅ ክስ ነው የተዋወቅነው ብል ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አያየኝም? «ማመልከቻ ጽፈውልኝ ነው» ብቻ አልኳት። ያኔ የዋጥኩትን ነው አሁን የምናገረው።

አቦይ ካሕሳይ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ኮምፒውተር ገዝተዋል፤ እሳቸው በእስክሪብቶና በካርቦን ነበሩ። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ገደማ በፖሊስ ቤት የኤግዚቢት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ኤግዚቢት ማለት በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ዕቃ ነው፤ ቢላውም፣ ስልኩም፣ በጉም ፍርድ እስኪያገኝ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል። በጉም ያልኩት ለቀልድ አይደለም። አንዴ የተሰረቀች በግ ገብታላቸው መዝገቡ ሳይዘጋ ወለደች። «የገባችው አንዲት፣ የምትወጣው ሁለት። ደረሰኙ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» ይሉና ይስቃሉ። «ከነልጇ» ብለው ጽፈው ፈርመዋል።

ሥራው እስከ አጥንታቸው ገብቶ ነበር። የምሳ ዕቃቸውን በክር ያስራሉ፤ ቋጠሮው ላይ ወረቀት ለጥፈው ይፈርማሉ። ጠዋት ያሰሩትን ምሳ ቀን ላይ ሊፈቱት ሲሉ መነጽራቸውን አጥልቀው የገዛ ፊርማቸውን ይመረምራሉ። «አቦይ፣ ሽሮዎን ማን ይሰርቅብዎታል?» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። «ፊርማ የሌለበት ቋጠሮና ባለቤት የሌለው ወሬ አንድ ነው» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ መቀሌ ከገባሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ሦስተኛ ልጄን ወልጄ፣ ዓይደር ባለው ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ፣ እናቴ አደስ ላከችልኝ። አደስ ጠረኑ የሚያውድ ቅጠል ነው፤ ደርቆ ይወቀጥና ከቅቤ ጋር ተለውሶ ሴት ፀጉሯን ትቀባዋለች። በኛ አገር ያለ አደስ አራስነት የለም። እናቴ ከአሪቲ ጋር ወቅጣ፣ በሦስት ፌስታል ቋጥራ፣ በታናሽ ወንድሜ በሰዒድ እጅ ላከችው።

ኬላ ላይ አውቶቡሱ ተፈተሸ። ወጣቱ ፖሊስ አንዱን ፌስታል ፈታው፤ አረንጓዴ ዱቄት ነው። «ምንድን ነው?» አለው ሰዒድን። ሰዒድ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያየው የአራስ ፀጉር ቅባት ነው ማለት አፈረ። በኛ ቤት ወንድ ልጅ የአራስ ነገር አያወራም። «አላውቅም፣ ተልኬ ነው» አለ። በቃ፣ ጉድ ፈላ! አላውቅም ተልኬ ነው የሚል ሰው ምን እንደሚይዝ ፖሊስ ሁሉ የለመደው ነው። እዚያው ያዙት። ያንን ፖሊስ አልረግመውም፤ ሥራውን ነው የሠራው። ግን የፖሊሱን እናት ጠርተውልን ቢሆን ኖሮ ገና ከበሩ ላይ በጠረኑ ትለየው ነበር።

እኔ ከአራስ ቤት ወጥቼ ጣቢያ ሄጄ አደስ ነው ብል ማን ይሰማኛል? እህቱ ናት፣ ሌላ ምን ትበል ተባለ። የጊዜ ቀጠሮ በጊዜ ቀጠሮ ላይ ሆነ። ዋስ ጠየቅን፤ የከተማው ነዋሪ አይደለም ተብሎ ተከለከልን። ከዚያ ዐቃቤ ሕግ አደንዛዥ ዕፅ ይዞ በመገኘት ብሎ ከሰሰው። ሐሙስ የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል ተባለ፤ ዳኛው ክሱን አሰምተው «ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» የሚሉበት ቀን ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝና መላ መታሁ። በኛ አገር ሰው ሲጣላ ድንጋይ ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት ይወድቃል። ባያጠፋም «አጥፍቻለሁ፣ አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። ነገሩ ይበርዳል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ዳኛስ ሽማግሌ አይደል? ስንቅ ላቀብል ስሄድ ሰዒድን «አጥፍቻለሁ በል፤ ያዝኑልሃል» አልኩት።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ማን ጠየቀህ! ታላቅህ ነኝ፣ ያልኩህን አድርግ።»

እሺ አለኝ። ሰዒድ ከልጅነቱ እኔን እምቢ ብሎ አያውቅም። 

ማክሰኞ ዕለት የምሕረት ማመልከቻ ላስጽፍ ፍርድ ቤቱ በር ሄድኩ። ባለ ኮምፒውተሮቹ ጋ ወረፋው አይጣል ነው። ሰው የሌለባቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። አላህ ያንን ወረፋ ለኔ ብሎ ነው ያሰለፈው እላለሁ።

«አቦይ፣ የምሕረት ማመልከቻ ይጻፉልኝ» አልኩና ታሪኩን አወራሁ።

«ክሱን አንብበሽዋል?»

«ምኑን አነባለሁ? አውቀዋለሁ እኮ! ዕፅ ነው ብለዋል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ፖሊስ ነዋ።»

«ፖሊስ አየ። ዐቃቤ ሕግ ጻፈ። ማን መረመረው?»

 እስክሪብቷቸውን ከደኑና «ሂጂ፣ የክሱን ቅጂ ይዘሽ ነይ። ሰው ላላነበበው ነገር ይቅር በሉኝ አይልም፣ ጓለይ» አሉኝ። ጓለይ፣ ልጄ አሉኝ፤ እኔ ግን በሆዴ እሳቸውን ስረግም ነው ቤቴ የገባሁት። አራስ ሴት ፀሐይ ላይ አቁሞ ማመላለስ ምን የሚሉት ደግነት ነው?

በማግሥቱ ቅጂውን ይዤ መጣሁ። ቤት የነበረኝን አሮጌ አደስም በመሐረብ ቋጥሬ ይዣለሁ፤ እኝህን ግትር ሽማግሌ አፍንጫቸውን ይዤ አሳምናቸዋለሁ ብዬ ነው። ገና ሳልቀመጥ መሐረቡን ፈትቼ አፍንጫቸው ሥር ደቀንኩት።

«ያሽትቱት! ይሄ ዕፅ ነው? በአላህ ያሽትቱት!»

ፊታቸውን እንደ ሕፃን አዞሩ። «አላሸትም።»

«ለምን? አያምኑኝም?»

«የኔ አፍንጫ ላቦራቶሪ አይደለም። የዚያ ፖሊስ ዐይንም ላቦራቶሪ አይደለም። የኔን አፍንጫ ዛሬ ለወንድምሽ ካመንሺው፣ የሱን ዐይን ነገ በወንድምሽ ላይ ልታምኚ ነው። ሐቅ በአንድ በኩል ብቻ አትመዘንም። ቋጥሪው። አሁን ክሱን አንብቢ፣ ጮክ ብለሽ።»

ክሱ በትግርኛ ነው። ትግርኛ መናገሩን ገበያው አስተምሮኛል፤ አንብቤ ግን አላውቅም ነበር። ፊደሉ ያው ስለሆነ ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትኩ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አነበብኩ። ያልገባኝ ጋ ሲያስቆሙኝ፣ ወደ አማርኛ መልሺው ሲሉኝ፣ አልችልም ብል ደግመው ሲያስጀምሩኝ ላብ በላብ ሆንኩ። መጨረሻ ላይ የማስረጃ ዝርዝር አለ። ምስክር፣ ሁለት ፖሊሶች። ኤግዚቢት፣ በፌስታል የተቋጠረ አደንዛዥ ዕፅ የሚመስል አረንጓዴ ዱቄት። ሌላ የለም።

«የላቦራቶሪ ውጤት የሚል አየሽ?»

«የለም።»

«የለም። ወይ አልመጣም፣ ወይ አልተላከም። ናሙና ይወሰዳል፣ ይታሸጋል፣ ለምርመራ አዲስ አበባ ይላካል። ማን አሸገው? ሲታሸግ ወንድምሽ ነበር ወይ፣ ፈረመ ወይ? ስንት ግራም ሄደ፣ ስንት ግራም ደረሰ? ይህ ሁሉ ይጠየቃል። ከዚያ አንዲት ወረቀት ትመጣለች። ወንድምሽ ነገ አጥፍቻለሁ ካለ ግን ያቺን ወረቀት የሚጠብቅ ላይኖር ይችላል። በገዛ አፉ ሊፈረድበት ነው።»

«ታዲያ ዳኛው አያዝኑም?»

«ያዝናሉ እንጂ። እያዘኑ ይፈርዳሉ። ማመኑን አይተው ከቅጣቱ ይቀንሱለት ይሆናል። ወንጀለኛ መባሉን ግን በሐዘኔታ አያነሱለትም።»

እኔ ችኮ ነኝ፤ አሁንም አልለቀቅኩም። «ክደን ቆይተን ውጤቱ ክፉ ሆኖ ቢመጣስ? ያኔ ጭራሽ አይብስብንም?» አልኳቸው።  መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጠርገውም አላጠለቁትም።

«ኤግዚቢት ክፍል ሳለሁ አንድ ገበሬ ተያዘ» አሉ። «ከረጢቱ ውስጥ የደረቀ ቅጠል ተገኘበት። ዘመዶቹ እንዳንቺ መከሩት፤ እመን፣ ያዝኑልሃል አሉት። አመነ። ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። ናሙናው ግን ቀድሞ ሄዶ ነበርና ከወራት በኋላ ውጤቱ በኔ እጅ ገባ። ዕፅ አይደለም ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ለአለቃዬ አሳየሁት። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ፋይል አድርገው አለኝ። ፋይል አደረግኩት።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «በሥርዓቱ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ፈርሜ ፋይል አደረግኩት፣ ጓለይ። አለቃዬን አልወቅስም። ፍርድ ቤቱ ከቢሮዬ መንገድ ማዶ ነበር። ተሻግሬ ብሰጥ ማን ይይዘኝ ነበር? ዛሬ ነገ ስል ዘመኑ ሄደ። ጡረታ ስወጣ ሰውዬውን ፈለግኩት። ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል። መንደሩ ሄድኩ፤ አልተመለሰም አሉኝ። ሚስቱም ሌላ አግብታለች።»

ያ ረቢ! ምን ይባላል?  እዚያ ጃንጥላ ሥር ለምን እንደተቀመጡ፣ ለምን ለማንም ሰው ክሱን ሳያነብ እንደማይጽፉ ያኔ ገባኝ።

«የምሕረቱን አልጽፍልሽም» አሉኝ። «ውጤቱ ይቅረብልን የሚለውን ግን እጽፍልሻለሁ። መንግሥት ላቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ስጪያት፤ ትንሽ ልጅ ናት ግን ታነባለች። አንቺ ሩጪና ያንን ልጅ የመከርሽውን አፍርሺበት።»

ሮጥኩ። ሰዓቱ አልፏል ብለው ሰዒድን እንዳላየው ከለከሉኝ። ጠበቃዋ ወረቀቱን ተቀብላ «ነገ ከችሎት በፊት አገኘዋለሁ» አለች። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አትጠይቁኝ።

ሐሙስ ችሎት ገባሁ። ሰዒድ በፖሊስ ታጅቦ ገባ፤ ከስቷል። ጠበቃዋ እየሮጠች የደረሰችው ስሙ ሲጠራ ነው፤ ሌላ ችሎት ይዟት ኖሯል። አላናገረችውም።  ዳኛው በትግርኛ ይናገራሉ፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሳል። ክሱ ተሰማ። «ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» ተባለ።

ሰዒድ ዞሮ እኔን አየ። በዚያች ቅጽበት ወንድሜን ለዓመታት እስር ያዘጋጀሁት እኔ መሆኔን አወቅኩ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ችሎት ውስጥ መናገር እንደማይቻል አውቃለሁ። ራሴን ወዘወዝኩ፤ አይሆንም አይሆንም እያልኩ እንደ እብድ ወዘወዝኩ። ከኋላዬ ሰው ሲያስል ሰማሁና ዞር ብል አቦይ ካሕሳይ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ራሳቸውን እየወዘወዙ ነው! አንዲት አራስና አንድ ሽማግሌ ችሎት መሐል ራሳቸውን ሲወዘውዙ ዳኛው አላዩም ማለት አልችልም። ዳኛው ግን እኛን ትተው «በራስህ አንደበት፣ የሚሆነውን ተናገር» አሉት።

 «ሻንጣው የኔ ነው» አለ ሰዒድ። «ፌስታሉንም እናቴ ናት ያስያዘችኝ። አደስ ነው። ለእህቴ... ለአራስ ፀጉር ነው። ኬላ ላይ አፍሬ ነው አላውቅም ያልኩት። ወንጀል አልሠራሁም።» ጆሮው እስኪቀላ ነው የተናገረው። ጠበቃዋ ተነሥታ የአቦይ ካሕሳይን ወረቀት አነበበች። ዳኛው የምርመራው ውጤት ተጠናቆ ይቅረብ ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አንዴ ውጤቱ አልደረሰም ይባላል፤ ሌላ ጊዜ ችሎቱ ሌላ ሥራ ይዟል። በየቀጠሮው ቀን ልጄን አዝዬ ጃንጥላቸው ሥር እቀመጣለሁ። አንድም ቀን «ነፃ ይወጣል» ብለውኝ አያውቁም። «አጆኺ» ብቻ ይሉኛል፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን መሮኝ «ወንድሜ ንጹሕ ነው ብለው ያምናሉ ወይስ አያምኑም?» ብዬ አፋጠጥኳቸው።

«አላውቅም» አሉኝ፤ ፊት ለፊት። «ግን ሳላውቅም ልደክምለት እችላለሁ።»

ያን ቀን ተቀየምኩ። ዛሬ ግን ከሰጡኝ ሁሉ ያንን ነው የምወደው። ለሚያምኑት ሰው ሁሉም ይደክማል። እሳቸው ግን ለማያውቁት ልጅ፣ ጥፋተኛም ሊሆን ለሚችል ልጅ፣ ያማቸው የነበረውን ጉልበት ይዘው ችሎት ደረጃ ወጡ።

አንዲት ሴትዮም እዚያው እያለሁ መጥታ ነበር፤ ጎረቤቴ ዕፅ ይሸጣል ብለው ይጻፉልኝ አለች። «አየሽው?» አሏት። «ሰማሁ።» «ከማን?» «ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ነው።» እስክሪብቷቸውን ከደኑና «ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ ይፈርም» አሏት። ሴትዮዋ እየተሳደበች ሄደች፤ እሳቸው ምሳቸውን ፈቱ።

ውጤቱ መጣ። በናሙናው ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ አልተገኘም ይላል። መዝገቡ ተዘጋ፤ ሰዒድ ተፈታ። እልል ብዬ ችሎቱ በር ላይ ተግሣጽ ደርሶብኛል፣ ግድ የለም።

በማግሥቱ ሰዒድን ይዤ ወደ ጃንጥላው ሄድኩ። የውጤቱን ቅጂ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማኅተሙን በጣታቸው ዳበሱት፤ ቀኑን አዩ። «ጊዜው ሳያልፍ ደረሰ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉት።

ሰዒድ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ሊያመሰግን ነው የመጣው። «እርስዎ ምን አደረጉኝ፣ አቦይ?» አለ።

«ይቅር በለኝ።»

የገበሬውን ታሪክ ለሰዒድ አልነገርኩትም ነበር። ግን ያደገው በኛ አገር ነው፤ አባት የሚሆን ሰው ቆሞ ይቅርታ ሲለምን ምክንያት አይጠየቅም። «አፉ ብያለሁ፣ አቦይ። ለአላህ ብዬ» አላቸው። አቦይ ካሕሳይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔ አፍሬም አዝኜም ሰዒድን እጁን ይዤ ጎትቼ ሄድኩ።

ባጃጅ መያዣው ጋ ስንደርስ «ምን አጥፍተው ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ።

«ታዲያ የኔ ይቅርታ ምን ያደርግላቸዋል? እኔ ያ ሰውዬ አይደለሁም።»

«ሌላ የሚሰጣቸው የለማ» አልኩት።

 ከዚያ እኔን ባጃጁ ውስጥ ትቶ ተመልሶ ሄደ። አንገቴን አውጥቼ ሳየው አጠገባቸው ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱም አቀርቅረዋል። ቤት የገባው ከቀትር በኋላ ነው። ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።